ኮዱ በዊኪው ላይ ለምን ቀለም አልያዘም?

ጥያቄ፦ የምናለማውን የሂሳብ አያያዝ ሶፍትዌር ሰነድ የዊኪ ገጾችን በሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ በሚዲያዊኪ፣ ላይ ማስቀመጥ ጀምረናል። የፓይተን ኮዱ በቀለም ተለይቶ እንዲታይ ሲንታክስሃይላይት የተባለውን ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ብንጭንም ኮዱ እስካሁን የሚታየው በጥቁር ብቻ ነው፤ ገጹ ላይ የስህተት መልእክት አይወጣም። በኮዱ ውስጥ ያሉት ማብራሪያዎች በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። ችግሩ ከፊደሉ ይሆን?
(ፕሮግራመር አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ፊደሉ ከደሙ ንጹሕ ነው። ኮዱን የከበባችሁበት የሲንታክስሃይላይት ታግ (ምልክት) ራሱ በገጹ ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ካልታየ ኤክስቴንሽኑ በትክክል ተጭኗል፤ ስለዚህ የማዋቀሪያ ፋይሉን ደጋግመው አይነካኩት። ቀለም የመለየቱን ሥራ የሚሠራው ሚዲያዊኪ ሳይሆን ፓይግመንትስ የተባለ በፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም ነው። እስከ 2015 ድረስ ይህን ያደርግ የነበረው ጌሺ የተባለ፣ ሚዲያዊኪ ራሱ በተጻፈበት በፒ ኤች ፒ ቋንቋ የተሠራ ፕሮግራም ነበር፤ ዛሬ የቀረው ስሙ ብቻ ሲሆን እሱም በኤክስቴንሽኑ ፎልደር መጠሪያ ላይ ተለጥፎ ብዙ ሰው ያደናግራል። ለውጡ ያስከተለው ነገር ቢኖር ፒ ኤች ፒ ከራሱ ውጭ ያለ ፕሮግራም ማስነሣት ግድ የሆነበት መሆኑ ነው፤ ይህ ሳይሳካለት ሲቀር ኮዱን ያለ ቀለም አቅርቦ ገጹን የኮድ ቀለም ስህተት ባለባቸው ገጾች ምድብ ውስጥ ያስገባዋል። ከልዩ ገጾች መካከል የመከታተያ ምድቦችን ከፍተው የእርስዎ ገጽ እዚያ መኖሩን ይመልከቱ።

ካለ፣ ሦስት ነገር ይመርምሩ። ሰርቨሩ ላይ ፓይተን 3 መኖሩን ያረጋግጡ። ፓይግመንትስን የሚያስነሣው፣ ፓይግመንታይዝ የተባለው ፋይል የማስኬድ ፈቃድ እንዳለው ይዩ፤ ፋይሎቹ ከዊንዶውስ ኮምፒውተር በኤፍ ቲ ፒ (በፋይል መላኪያ ዘዴ) ተልከው ከሆነ ይህ ፈቃድ መንገድ ላይ መጥፋቱ የተለመደ ነው፤ እኔም መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። በመጨረሻም ፒ ኤች ፒ ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሣበት፣ ፕሮክ ኦፕን የተባለው ፈንክሽን በፒ ኤች ፒ ቅንብር ውስጥ ከታገዱት መካከል እንዳይሆን ያጣሩ፤ ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ለደኅንነት ሲሉ ብዙ ጊዜ ይዘጉታል፤ ያለ እነርሱ ፈቃድም አይከፈትም። ሙከራውን በራስዎ አካውንት ሳይሆን ዌብ ሰርቨሩ በሚሠራበት ተጠቃሚ ስም ያድርጉት፤ ለእርስዎ የሚታዘዝ ፋይል ለዌብ ሰርቨሩ ላይታዘዝ ይችላልና። ከተስተካከለ በኋላም ገጹ ከነጥቁሩ ቢቆይ አይደንግጡ፤ የተቀመጠው የቀድሞ ቅጂ ስለሆነ ገጹን ለኤዲት ከፍተው ምንም ሳይለውጡ ሴቭ ቢያደርጉት ይታደሳል።

ኤክስቴንሽኑ የኮዱን ቋንቋ በግምት እንደማያውቅም ልብ ይበሉ። በታጉ ውስጥ ላንግ በተባለው ቦታ ላይ ፓይተን መሆኑ ካልተጻፈ፣ ወይም ስሙ በስህተት ከተጻፈ፣ ኮዱ ያለ ቀለም ይቀራል። ሶርስ የተባለውን አሮጌ ታግ የምትጠቀሙ ከሆነም ብትተዉት ይሻላል።

ወደ ፊደሉ ስንመለስ፣ ጣጣው ሌላ ነው። ኤክስቴንሽኑ ከ100 ኪሎባይት ወይም ከ1000 መስመር የበለጠ ኮድ በቀለም አይለይም፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ዩ ቲ ኤፍ 8 በተባለው የጽሑፍ ማስቀመጫ ሥርዓት ሦስት ባይት ስለሚይዝ በአማርኛ ማብራሪያ የተሞላ ፋይል ጣሪያውን ቶሎ ይነካል። ከዚህ በተጨማሪ አብዛኞቹ የኮድ ፎንቶች ፊደላችንን ስለማይዙ ብራውዘሩ ከሌላ ፎንት ይዋሳል፤ በክፍት ቦታ ያሰለፋችኋቸው ማብራሪያዎችም ይዛነፋሉ። ስለዚህ ማብራሪያውን ከኮዱ ጎን ሳይሆን ከበላዩ ባለው መስመር ላይ ጻፉት።

ሙሉ ፋይል ዊኪ ላይ መለጠፍን ግን አልደግፍም፤ ኮዱ በተሻሻለ ቁጥር ሰነዱ ይጃጃል። የሚብራራውን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ አስገቡና በታጉ ውስጥ ላይን በሚለው ምርጫ የመስመር ቁጥር አሳዩ፤ ስታርት በሚለው ደግሞ ቆጠራው የሚጀምርበትን ቁጥር ስጡት፤ ለምሳሌ 240 ብላችሁ ብትሰጡት በገጹ ላይ የሚታየው ቁጥር በዋናው ፋይል ካለው ጋር ይገጥማል።