ስልክ ቁጥሯን የጠራው ነቢይ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መጋቢ። እናቴ የስኳር ታማሚ ናት፤ ኢንሱሊን ትወስዳለች። በአንድ ኮንፈረንስ ላይ ነቢዩ በስሟ ጠራት፣ ስልክ ቁጥሯን ሳይቀር ተናገረና «ስኳርሽ ዛሬ አበቃ» አላት። 5000 ብር «ዘር» ብላ፣ በረከት አገኝበታለሁ ብላ ሰጥታ መጣች። መርፌውንም ተወችው። ሐሰተኛ ቢሆን ቁጥሯን እንዴት ያውቃል? መጠራጠሬስ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የቀረውን በኋላ ታነቢዋለሽ። መጀመሪያ እናትሽን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት። ኢንሱሊን በድንገት ሲቋረጥ በቀናት ውስጥ ራስን ሊያስት፣ ሊገድልም ይችላል።

የስልክ ቁጥሩን ነገር ስንቱ ጠይቆኛል! ቁጥሯን በር ላይ ከሚሞላው ቅጽ አግኝቶት ይሆናል የሚለውን እንተወውና ሰውየው በእርግጥ ከመንፈስ ሰምቷል እንበል። በፊልጵስዩስ ጳውሎስን እየተከተለች «የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው» እያለች ብዙ ቀን የጮኸችው ገረድ ምኑን ዋሸች (ሐዋ. 16፥17)? ምንም። ቃሏ እውነት፣ መንፈሱ ግን የምዋርት፣ ማለትም የጥንቆላ ነበር፤ ጳውሎስም ገሥጾ አስወጣው። ጌቶቿ የተቆጡት ስለ እርሷ አዝነው እንዳይመስልሽ፤ ትርፋቸው ስለቀረ ነው። ሰው የተናገረው እውነት ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ከማን እንደተላከ አይነግረንም። እኛ ግን ስማችን ሲጠራ እንባችን ይቀድማል። እኔም በወጣትነቴ ስሜ ተጠርቶ ወለሉ ላይ ተንከባልያለሁ።

ኃጢአት ይሆንብኝ ላልሽው፣ «ትንቢትን አትናቁ» ያለው ጳውሎስ አስከትሎ «ሁሉን ፈትኑ» ይላል (1ተሰ. 5፥20-21)። «የቀባሁትን አትንኩ» እያሉ የሚያስፈራሩሽን አትስሚ፤ ቃሉ ያለበት መዝሙር 105 የሚያወራው እግዚአብሔር አብርሃምን፣ ይስሐቅንና ያዕቆብን ከነገሥታት እንደጠበቃቸው ነው። ሰባኪ አይጠየቅ የሚል የለበትም።

ጌታ ራሱ ዐሥሩን ለምጻሞች «ሂዱ፥ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» አላቸው (ሉቃ. 17፥14)። በሙሴ ሕግ ገላቸውን አይቶ «ነጽተሃል» የሚለው ካህኑ ነበር። የፈወሰው ጌታ ምርመራውን ካልፈራ፣ የዛሬው ነቢይ የደም ስኳር መለኪያን ለምን ይፈራል?

ስለ ዘሩ 2ነገሥት 5ን ለእናትሽ አንብቢላት። ለምጻሙ የሶርያ ጦር አለቃ ንዕማን ዐሥር መክሊት ብር ጭኖ መጣ፤ እንዲነጻ ያደረገው ነቢዩ ኤልሳዕ ግን አልነካውም። ከኋላው ሮጦ የተቀበለው የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ነው፣ የንዕማን ለምጽም የተጣበቀው በእርሱ ላይ ነው።

እናትሽን አትጨቃጨቂያት፤ አማኝ ናት፣ ልቧ ይሰበራል። «እማዬ፣ ዶክተሩ ተዪው እስኪልሽ ድረስ ውሰጂ፤ ተፈውሰሽ ከሆነ መለኪያው ራሱ ይመሰክራል» በያት። ስትመለሱ ስኳሯ ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ።