ፌስታሉ የት ድረስ ተንጠልጥሏል?

ውድ ታናናሾቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ ቢሮዬ መጣች። የላንድስኬፕ ዲዛይን ስቱዲዮ (መናፈሻና ደጅ የሚነደፍበት የተግባር ትምህርት) ላይ ናት፤ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ሬንደሯ፣ ቦታው ተሠርቶ ሲያልቅ የሚያሳየው የኮምፒውተር ሥዕል፣ ያምራል። ሣሩ ለምለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፊኛ የያዘ ሕፃን ሳይቀር አለበት። "ሳይቱን (የምትነድፊለትን ቦታ) ስንቴ አየሽው?" አልኳት። "አንዴ። ጎግል ኧርዝ ላይ ግን ብዙ ጊዜ" አለችኝ። ሳቄ መጣ። የሳቅኩት ግን በራሴ ነው።

እኔም በጊዜዬ የስቱዲዮ ሥራዬ ቀበና ወንዝ ዳር ነበር። ጥር ላይ ሄጄ አየሁት። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለልኩ ተሻገርኩት። ተመልሼ ዳር ዳሩን ሣር አለበስኩት፣ አግዳሚ ወንበር ደረደርኩበት። ጁሪ ላይ፣ ሥራችንን አቅርበን በመምህራን በምንገመገምበት ዕለት፣ አንድ መምህር ሥዕሉን ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና "ሐምሌ ላይ እዚህ ማነው የሚቀመጠው?" አሉ። ምን ልበል?

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ወንዙ ዳር ጎመን የሚተክሉ አንዲት እናት ነበሩ። "እማማ፣ ውሃው ሲሞላ የት ድረስ ይመጣል?" አልኳቸው። አንድ ዛፍ አሳዩኝ። ከራሴ በላይ ቅርንጫፉ ላይ የተቀዳደደ ፌስታል ተንጠልጥሏል። "እሱን ሰው አልሰቀለውም፣ ወንዙ ነው" አሉኝ። የሁለት ወር ሥራዬ እዚያው አለቀ።

ነገሩ የካላንደርም ጣጣ አለበት። ስቱዲዮው የሚሠራው በበጋ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ እናንተ ጁሪ ጨርሳችሁ ስትበተኑ ማለት ነው። ስለዚህ ክረምቱን በበጋ መፈለግ አለባችሁ። ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር፣ ሥሩ የተራቆተ ዛፍ፣ ቅርንጫፍ ላይ የቀረ ፌስታል። የእሱን ከፍታ በሜትር ለኩት።

ሒሳቡንም ሥሩት፣ ከባድ አይደለም። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ 100,000 ሊትር ውሃ ነው። ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ ብትሉት አሥር ቦቴ። መሬቱ አስፋልትና ቆርቆሮ ከሆነ አብዛኛው ወዲያው ወደ ታች ይሮጣል። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አቃቂ ድረስ ደግሞ ከተማዋ ቁልቁለት ናት። የእናንተ ሳይት መሀል ላይ ነው ያለው፤ ከላይ የሚመጣውን ይቀበላል፣ ከታች ላሉት ይሰዳል።

ለዚህ ነው ሴክሽን ቁረጡ፣ መሬቱን እንደ ዳቦ ቆርጣችሁ ከጎን ሳሉት የምላችሁ። ፕላን፣ ከላይ ወደ ታች የታየው ሥዕል፣ ብቻውን ይሸነግላል። በፕላን ገደል ሜዳ ይመስላል፣ ዛፍ ሁሉ አረንጓዴ ክብ ነው። እኔ አንዴ ወርካን የሦስት ሜትር ክብ አድርጌ ስዬው አውቃለሁ! ያደገ ወርካ ጥላው ከ20 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ሠፈር ሙሉ ሰው ይሰበሰብበታል። ዛፉን የተተከለ ዕለት ብቻ ሳይሆን ከ20 ዓመት በኋላም ሳሉት። ዝርያውንም ከኢንተርኔት ከምትለቅሙ ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ የሚያጠጡትን ሰዎች ጠይቁ። ኮሶና ጽድ እንጦጦ ላይ የሚወዱትን፣ መረሬ አፈር ላይ የሚሆነውን ያውቃሉ። (ሁሉም ሳይት ላይ ዘንባባ የምትደረድሩት ግን ለምንድነው?)

ክፍላችሁ ውስጥ ከአርክቴክቸር የመጣ አለ፣ ከደን ወይም ከሆርቲካልቸር የመጣ አለ። አንደኛው እጁ ይስላል፣ ዛፍ ግን አያውቅም። ሌላው ዛፉን በላቲን ስሙ ይጠራዋል፣ እርሳስ ግን ይፈራል። ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ ኮንቱር (ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር) ማንበብ የተማርኩት ከመምህር ሳይሆን እርከን ሲሠራ ከኖረ የግብርና ባለሙያ ጓደኛዬ ነው። በለውጡ የቤቱን ሞዴል ካርቶን እቆርጥለት ነበር።

ስለ እንቅልፍ ብዙ አልልም፣ አትሰሙኝም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ግን ከተር አትያዙ። የግራ አውራ ጣቴ ጠባሳ ምስክር ነው። ፕሪንትም ለመጨረሻው ቀን አታቆዩ፤ ያን ቀን መብራት ይጠፋል።

ያቺ ተማሪ ስትወጣ "እርስዎ ግን ያንን ፕሮጀክት አስተካከሉት?" አለችኝ። አስተካክዬዋለሁ፤ ወንበሮቹን ወደ ላይኛው እርከን አወጣኋቸው፣ ታችኛውን ለጎመኑና ለውሃው ተውኩት። ጁሪው ካለፈ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ ቦቲ አድርጌ ሄድኩ። ወንዙ ቡናማ ሆኖ ያጓራል። ድንጋዮቹ የሉም። እማማ ከላይኛው መንገድ ላይ በጃንጥላ ቆመው አዩኝና በሳቅ ፈረሱ፦

"ወንበሮችሽ የታሉ?"