በሦስት ወር አራት ቺንጋ የበላው ዲናሞ

ደሴ የሚኖሩ አንድ ጠያቂያችን የ24 ቮልት የናፍጣ ከባድ መኪናቸውን ከነተሳቢው በሚሌና በባቲ መስመር እያመላለሱ ይሠራሉ። ባትሪ የሚሞላው የመኪናው የቀድሞ ዲናሞ ተቃጥሎ አንድ ጋራዥ ያገለገለ የ80 አምፔር ዲናሞ በብየዳ መያዣ ገጥሞላቸዋል። ከዚያ ወዲህ በሦስት ወር ውስጥ አራት ቺንጋ (ሞተሩ ዲናሞውን የሚያዞርበትን ቀበቶ) ቀይረዋል፤ የታችኛው ቡሎን ሁለት ጊዜ ተቆርጧል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ቺንጋው ይጮኻል። ወረፋ ላይ በሚኒሞ (ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ እየዞረ) ሲቆሙ የቻርጅ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ነዳጅ ሲረግጡ ይጠፋል። ዕቃ ሻጩ የ150 አምፔር ዲናሞ እንዲገዙ መክሯቸዋልና እውነት ያስፈልገኛል ወይ ሲሉ ይጠይቃሉ።

አይግዙ። ነዳጅ ሲረገጥ ቻርጅ የሚያደርግ ዲናሞ በአብዛኛው ጤነኛ ነው። ቡሎን የሚቆርጠውና ቺንጋ የሚበላው ደግሞ መያዣው ነው። እኔ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው፤ ፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ባለ ቦይ ክብ ብረት) ከሌላ ሞተር የመጣና ለመኪናዎ የማይስማማ መሆኑን፣ መያዣውም ከመስመር ወጥቶ የተበየደ መሆኑን።

ከሁሉ በፊት የባትሪውን ማሳ (የኔጌቲቩን ገመድ) ይፍቱ። ወደ ዲናሞው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ቁልፉ ተዘግቶም ቢሆን በቀጥታ ከባትሪው ጋር የተያያዘ ነው። ወርክሾፔ ግድግዳ ላይ አፉ እንደ አይጥ የተቀረጠፈ 19 ቁልፍ ተሰቅሏል፤ የዚያን ገመድ ዳዶ ሳጠብቅ ሌላኛው ጫፉ ሞተሩን ነክቶ በቅጽበት የቀለጠ ነው። ጣት ላይ ቀለበት ቢኖር ኖሮ ምን እንደሚሆን ለእርስዎ እተወዋለሁ።

አሁን ስለ ፑሌጃው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ባለማወቅ ነው። ዲናሞ ላይ የተጻፈው አምፔር ዲናሞው በሙሉ ፍጥነት ሲሽከረከር የሚሰጠው ነው፤ እሱም በአብዛኛው በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ነው። ከ1,000 እስከ 1,500 ዙር እስኪደርስ ድረስ ምንም አይሰጥም ማለት ይቻላል። የከባድ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ረጋ ያለ ነው፤ በሚኒሞ 550 ዙር አካባቢ፣ ሲበዛ 2,000 ገደማ ይዞራል። ልዩነቱን የሚሞላው የፑሌጃዎቹ ስፋት ነው። በላኩልን ልክ የሞተሩ ፑሌጃ 18 ሳንቲ ሜትር፣ የዲናሞው 10 ነው። ሞተሩ አንድ ሲዞር ዲናሞው አንድ ነጥብ ስምንት ይዞራል፤ በሚኒሞ 990 ብቻ ማለት ነው። የቻርጅ መብራቱ የደበዘዘው ለዚህ ነው። የ7 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃ ቢገባለት ግን በሚኒሞ ወደ 1,400፣ ሞተሩ 2,000 ሲደርስ ወደ 5,100 ይደርሳል። የ150 አምፔሩን በዚያው በ10 ሳንቲ ሜትር ፑሌጃ ቢያስሩት ወረፋው ላይ ያው ባዶ ነው። ከ7 በታች ግን አልመክርም፤ ቺንጋው የሚጨብጠው ቦታ ያንሰውና መንሸራተት ይጀምራል።

የሚበቃዎትንም እንቁጠር። ሁለቱ የፊት መብራቶች በረጅሙ 150 ዋት፣ የመኪናውና የተሳቢው ትንንሽ አምፖሎች 100 ገደማ፣ ፍሬን ሲያዝ 80፣ ሁለት ፓውዛ 140፣ የዝናብ መጥረጊያና ማሞቂያ 150 ቢሆኑ በክረምት ጭጋግ ሁሉም አብረው ቢበሩ እንኳ ድምሩ 620 ዋት፣ ማለትም 22 አምፔር ነው። ባትሪዎቹን ለመሙላት 15 ይጨምሩበት። የ80 አምፔሩ ከእጥፍ በላይ ይተርፋል። የ150 አምፔር ዲናሞ በሙሉ ጭነት ከሞተሩ ወደ 10 የፈረስ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያን በአንድ ቀጭን ቺንጋ መሸከም አይቻልም።

ወደ መያዣው እንለፍ። በፎቶው ላይ የማየው አንግል ብረት በአንድ በኩል ብቻ ተበይዶ፣ ክፍተቱ በአራት ሮንዴላ ተሞልቷል፤ ይህ ጥገና አይባልም። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ሁለት ጆሮ ያስቆርጡ፤ መያዣው ሙሉ በሙሉ ሞተሩ ላይ ይታሠር እንጂ አንዱ ጫፍ ሻንሲ (የመኪናው አጽም) ላይ አይሁን፤ ሞተር በተቀመጠበት የላስቲክ መደገፊያ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሻንሲ ግን አብሮት አይንቀጠቀጥም። በሮንዴላዎቹ ፈንታ ቶርኖ ቤት በልኩ የተቆረጠ ድፍን የብረት ቡሽ ያስገቡ። ከዚያ ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ አስተኝተው ይመልከቱ፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ቺንጋው በአንድ ጎኑ ይበላል። አሁንም ከራዲያተሩ ጀርባ ጥቁር ዱቄት በአንድ በኩል ብቻ ተረጭቶ እንደሚያገኙ እገምታለሁ። የፑሌጃው ቦይ ወለል እንደ መስተዋት ካበራ ቺንጋው ወርዶ ወለሉን ይዟል ማለት ነውና ይጣል፤ ቺንጋ የሚጨብጠው በጎኑ ነው። ገበያ የሞላው ርካሽ ቺንጋ በሳምንቱ እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ ደህናውን ይግዙ። ብየዳ የሚኖር ከሆነ ማሳው ተፈትቶ የዲናሞውም ገመዶች ይነቀሉ፤ አለዚያ የብየዳው ጅረት ውስጡን ያቃጥለዋል።

ወፍራሙ ገመድ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ከሞተሩ ወደ ሻንሲ የሚሄደው ማሳም ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሠር። ሲጨርሱ ሞተሩን ከፍ አድርገው ባትሪዎቹ ላይ ቴስተር ቢያስቀምጡ ከ27.5 እስከ 28.5 ቮልት ማንበብ አለበት። ለቴፕ ተብሎ ከአንዱ ባትሪ ብቻ የተሳበ 12 ቮልት ካለም ያስወግዱት፤ አንዱ ባትሪ ሲራብ ሌላው ይቃጠላል።

አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያው ጉዞ ይለጠጣል። መሐሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲሰጥ አድርገው ኮምቦልቻ ላይ ያጥብቁት፤ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ የሆነውን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍተው ደግመው ያጥብቁት። ለዚች ብቻ ማሳ መፍታት ምን ያደርጋል ይላል ረዳቱ። የማጥበቂያው ቡሎን ከወፍራሙ ገመድ ራስ የሚርቀው ሁለት ጣት ያህል ነው፤ ይፍቱት።