በማረጥ ሰሞን መርሳት ሲበዛ፦ ምን ይመርመር? ሆርሞንስ?

እህቴ፣ በ48 ዓመትሽ ቃል እየጠፋብሽ፣ ጓዳ ገብተሽ ምን ልትወስጂ እንደሄድሽ እየረሳሽ ነው፤ እናትሽም የመርሳት በሽታ ስለነበረባቸው «ሆርሞን ልጀምር ወይ?» ብለሻል።

የወር አበባ መዛባት ሲጀምር እንዲህ ያለ መርሳት የተለመደ ነው። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሌሊት በላብ እየነቁ ማደሩ ደግሞ ያባብሰዋል። ካረጡ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይሻሻላል። የሚያሳስበው የለመዱት መንገድ ሲጠፋ፣ የዘወትር ሂሳብ ሲያቅት፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመሽ እየጠየቅሽ አንቺ ሳታውቂው ቤተሰብ ሲያስተውለው ነው።

«ዕድሜ ነው» ብለሽ ከመተውሽ በፊት ሄሞግሎቢን (ደም ማነስን የሚያሳይ)፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችትን የሚያሳይ)፣ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ)፣ ቫይታሚን ቢ12ና የስኳር ምርመራ አሠሪ። በዚህ ዕድሜ የወር አበባ ደም በብዛት ሊፈስ ስለሚችል ብረት ሊያልቅ ይችላል። ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ ስለዚህ አጽዋማቱን ሁሉ የምትጾም፣ በዚያ ላይ ሜትፎርሚን (የስኳር መድኃኒት) ወይም ኦሜፕራዞል (የጨጓራ መድኃኒት) ለዓመታት የወሰደች ሴት ይህን ምርመራ ባታልፈው ጥሩ ነው። ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖም ቢ12 ሊጎድል ይችላል። ለእንቅልፍ ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛው ክሎርፌኒራሚንም (የአለርጂ መድኃኒት) ሆነ አሚትሪፕቲሊን (የድብርት መድኃኒት) ራሳቸው ያደነዝዛሉ። (ሐኪም ያዘዘልሽን ግን ሳትጠይቂ አታቋርጪ።)

ሆርሞን ለድንገተኛው ሙቀትና ለሌሊት ላብ ጥሩ መድኃኒት ነው። የመርሳት በሽታን ይከላከላል ብሎ መጀመር ግን አይደገፍም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነው ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን (ሌላው የሴት ሆርሞን ዓይነት) በጋራ የወሰዱ ሴቶች ላይ በሽታው ካልወሰዱት በእጥፍ ታይቷል። ባረጡ ሰሞን የጀመሩት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ለማስታወስ ጥቅምም ጉዳትም አልታየም። ከ40 ዓመት በፊት ያረጠች ወይም ሳታርጥ በቀዶ ሕክምና እንቁልጢዎቿ (እንቁላል የሚያመነጩት ዕጢዎች) የወጡላት ሴት ጉዳይ ይለያል፤ እሷ የሚከለክላት ነገር ከሌለ እስከ 50 ዓመት ገደማ እንድትወስድ ይመከራል።

የእናትሽ በሽታ እንዳይደርስብሽ ከፈራሽ፣ ዛሬ በእጅሽ ያለው ትልቁ ነገር ደም ግፊትን መቆጣጠር ይመስለኛል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተሰየመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ ያጋልጣሉ ብሎ ከዘረዘራቸው 14 ነገሮች አንዱ ከፍተኛ ደም ግፊት ነው፤ ኮሌስትሮል፣ ስኳርና የመስማት ችግርም አሉበት። ቤት ስትለኪ ከቡና 30 ደቂቃ ቆይተሽ፣ 5 ደቂቃ ጀርባሽን አስደግፈሽ ተቀመጪ፤ ክንድሽ በልብሽ ትክክል ይሁን፣ አታውሪ። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን መዝግቢ። አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መዝገቡን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። የመሣሪያው መጠቅለያ ለክንድሽ ከጠበበ ቁጥሩን ያለአግባብ ስለሚያንረው መጀመሪያ ልኩን አረጋግጪ።