የሊምፍ ማሸት የዛለ ጡንቻን ያሳርፋል? (ጥያቄና መልስ)

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ከ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ ማግስት ተመሳሳይ ጥያቄዎች ስለሚቀርቡልኝ፣ ዘንድሮ አንድ ላይ ሰብስቤ መልስ ልስጥባቸው።

ጥያቄ፦ ከሮጥኩ በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ፤ የባቴና የጭኔ ጡንቻ ሲነካ ያመኛል። የሊምፍ ማሸት የሚባለው፣ ሊምፍን (ከሰውነት ክፍሎች ተሰብስቦ ወደ ደም የሚመለሰውን ፈሳሽ) ለማንቀሳቀስ የሚደረገው ለስላሳ ማሸት ይረዳኛል?

መልስ፦ ሕመሙን ለጊዜው ቀለል ሊያደርግልዎ ይችላል፤ ጡንቻው የሚያገግምበትን ጊዜ ያሳጥራል ለማለት ግን አልደፍርም። በተለይ ቁልቁለት ስንወርድ ጡንቻው እየተለጠጠ የሰውነታችንን ክብደት ስለሚሸከም በውስጡ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፤ ሰውነትም ያን ሲጠግን የሚፈጠረው መቆጣት ሕመሙን ያመጣዋል። ሕመሙ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚበረታውና ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ የሚለቀው በዚህ ምክንያት ነው። የሊምፍ ማሸት ለስፖርተኞች ይረዳ እንደሆነ የፈተሹት ጥናቶች ጥቂትና አነስተኛ ናቸው፤ ውጤታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሕመሙን የሚያመጣው በሩጫ ጊዜ ጡንቻው የሚያመነጨውና የሚጠራቀመው ላክቲክ አሲድ አይደለም እንዴ? ማሸቱ ያንን አጥቦ አያወጣውም?

መልስ፦ አይደለም። ላክቲክ አሲዱ ሩጫው ካበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጸዳል፤ እርስዎን የሚያምዎት ግን በማግስቱና በሠልስቱ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የማውቀው ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ እስኪያስጮኸኝ ድረስ ያሸኛል። እንዲያው ቆዳን በመዳበስ ምን ይገኛል?

መልስ፦ ሁለቱ የሚሠሩት በተለያየ ነገር ላይ ነው። የወጌሻው እጅ ጡንቻውን ይፈልጋል፤ የሊምፍ ማሸት ደግሞ ከቆዳ ሥር ያሉትን ቀጫጭን የሊምፍ ቧንቧዎች ይመለከታል። ዴንማርካውያኑ ኤሚልና ኤስትሪድ ቮደር በ1930ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ሲያዳብሩት ዋና ነገሩ ይኸው የእጅ ልስላሴ ነበር። መዳፍ በደረቁ፣ ያለ ቅባት፣ ቆዳው ላይ ያርፋል፤ ቆዳው ራሱ እስከሚሄድበት ድረስ ብቻ በዝግታ ይገፋና ይለቀቃል። ጣት ጡንቻውን ካገኘው ጫናው በዝቷል ማለት ነው። ሥራው የሚጀምረው፣ ሰው እንደሚያስበው ከሚያመው ቦታ ሳይሆን፣ የሊምፍ ፈሳሽ ተመልሶ ወደ ደም ሥር ከሚገባበት ከአንገት ሥር ነው፤ ከዚያም ለእግር ወደ ብሽሽት፣ ወደ ጭን፣ ከጉልበት ጀርባና በመጨረሻም ወደ ባት ይወርዳል፤ የእጁ ግፊት ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። መንገዱን አስቀድሞ መክፈት ልንለው እንችላለን። ያበጠ ጡንቻ ባለበት፣ እንዲሁም በዚህ ዝግታ ሰውነት ስለሚረጋጋ፣ ሕመሙ ጋብ ሲል እኔም በታካሚዎቼ ላይ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ክንዷ አብጧል። ለእሷስ?

መልስ፦ ዘዴው በይበልጥ የሚሠራበት እንዲህ ያለው እብጠት ላይ ነው፤ ሆኖም በሠለጠነ ባለሙያ፣ ከፋሻ፣ ከቆዳ እንክብካቤና ከእንቅስቃሴ ጋር ተጣምሮ እንጂ ብቻውን አይደለም። ሐኪሟን አስቀድማችሁ አማክሩ።

ጥያቄ፦ መታሸት የሌለበት ማን ነው?

መልስ፦ ትኩሳት ወይም የቆዳ ኢንፌክሽን ያለበት፣ የልብ ድካሙ ያልተረጋጋለት፣ የደም መርጋት የሚጠረጠርበት ሰው መታሸት የለበትም። ከረጅም በረራ በኋላ አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ፣ ማንም እንዳይነካው፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ከከባድ ልምምድ በኋላም ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረ ነገሩ የተለመደው የጡንቻ ሕመም ስላልሆነ፣ በዚያው ዕለት መታየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ገንዘቤን ከፍዬ ልታሽ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ደስ ካሰኘዎትና አቅምዎ ከፈቀደ ይታሹ። ካልሆነ ግን ለ20 ደቂቃ ሜዳ ላይ በዝግታ ይራመዱ፤ በጊዜም ይተኙ። ቁልቁለት ያለበትን ልምምድ ጡንቻው እስኪያገግም ያቆዩት።