ባትሪውን ከመቀየርዎ በፊት

ጥያቄ፦ የምኖረው ደቡብ ጎንደር፣ እስቴ ነው። ለወላጆቼ ቤት 50 ዋት ሶላር ፓኔል ገዝቼ ከመኪና ባትሪ (12 ቮልት፣ 70 አምፔር-ሰዓት) ጋር በቀጥታ አገናኘሁላቸው። ሦስት አምፖል፣ በኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 በሚቀይር ዕቃ) የሚሠራ ትንሽ ቴሌቪዥንና ሁለት ሞባይል ይጠቀማሉ። ክረምት ሲገባ ራት ሳይበላ መብራቱ ይጠፋል። አንድ ጠጋኝ «ባትሪው ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ አሁን አይግዙ። አዲሱም ባትሪ በዚሁ አያያዝ ብዙ አይቆይም።

እስቲ ገቢና ወጪውን እናስላ። 50 ዋት ፓኔል በበጋ ቀን ለ5 ሰዓት ያህል ሙሉ ጉልበቱን ቢሰጥ 250 ዋት-ሰዓት ነው። በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በራሱ በባትሪው የሚባክነው ሲቀነስ እጅዎ የሚገባው 175 ገደማ ነው። ወጪውስ? ባለ 5 ዋት ሦስት አምፖል ለ4 ሰዓት 60፣ ባለ 25 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 100፣ ሞባይሎቹ 20፤ በድምሩ 180። ኢንቨርተሩ ሳይጠፋ ካደረ ደግሞ ምንም ሳይሠራ 8 ዋት ቢበላ እንኳ በ12 ሰዓት 100 ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህ ሁሉ የበጋ ሂሳብ ነው፤ በክረምት ደመና በዋለ ቀን ገቢው ከግማሽም በታች ሊወርድ ይችላል።

ባትሪው እንግዲህ ጠግቦ አያውቅም። የአሲድ ባትሪ ሳይሞላ በከረመ ቁጥር በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ጠጣር ነገር ይጋገርና መያዝ የሚችለው እያነሰ ይሄዳል። የመኪና ባትሪ ደግሞ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለመቀዳት አልተሠራም። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ሁሉንም ነገር ነቅለው፣ አንድ ሁለት ሰዓት አሳርፈው በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ይለኩት፦ 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ገደማ፣ 11.8 ባዶ ሊሆን የተቃረበ። ከግማሽ በታች እንዳያወርዱት አጥብቄ እመክራለሁ።

ገንዘቡን ፓኔሉ ላይ ያውሉት። 50 ዋቱ በጠራ ፀሐይ 3 አምፔር እንኳ አይሞላም፤ ለ70 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግን 7 አምፔር ያህል ያስፈልገዋል፣ ይህም ወደ 150 ዋት ነው። ባለ 10 አምፔር ቻርጅ ኮንትሮለርም (በፓኔሉና በባትሪው መካከል ገብቶ አሞላሉን የሚቆጣጠር ዕቃ) የግድ ነው። ባለ 12 ቮልት የሚባለው ፓኔል ምንም ሳይገናኝበት 21 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ያለ ኮንትሮለር ወላጆችዎ ለበዓል ዘመድ ጋ ሄደው ቤቱ ሲዘጋ ባትሪው ከልክ በላይ ተሞልቶ ውሃውን ይጨርሳል። ኮንትሮለሩ 14.4 አካባቢ ላይ ይገታዋል። አምፖሎቹን ከኮንትሮለሩ የመብራት መውጫ ላይ ይቀጥሏቸው፤ ባትሪው ሲደክም ራሱ ያጠፋቸዋል። ቴሌቪዥኑ በ12 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ኢንቨርተሩን ጭራሽ ይተዉት።

ፓኔሉን ብዙ አያጋድሉት። በእናንተ አገር በሰኔና በሐምሌ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በስተሰሜን ናት፤ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ዘንበል ካለ ይበቃል፣ ዝናቡም አቧራውን ያጥብለታል። የባሕር ዛፍ ጥላ ጥግ ብቻ ቢነካው እንኳ ጉልበቱ በብዙ ይቀንሳል።

ስታገናኙ መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ፣ ከዚያ ፓኔሉን፤ ስትነቅሉ በተቃራኒው። ፊውዝ (ጅረት ከልክ ሲያልፍ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ) ደግሞ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ሳይርቅ ይግባ።