በርበሬ የሌለበት ጎጃም፦ ስለ አዝላ ምግቦች ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። የፋንታሲ ልቦለዴ ሁለተኛ ክፍል ሲያልቅ ጓደኞቼን ቤቴ ሰብስቤ መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ምግቦች አንድ በአንድ ሰርቼ አበላኋቸው፣ ከዛ በኋላ ወሬው ተሰማና ጥያቄው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። ዛሬ እሁድ ነው፣ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ላላነበባችሁ በአጭሩ፣ አዝላ የፈጠርኳት ምድር ናት። ትልቅ ወንዝ ዙሪያዋን እንደ አንቀልባ ጠምጥሞ ያዘላት ደጋ ናት፣ ስሟም ከዛ ነው የመጣው። አባይ ጎጃምን እንዴት እንደሚዞራት ካርታ ላይ ያየ ሰው ከየት እንዳመጣኋት ወዲያው ይገባዋል። እኔ የጮቄ ተራራ ስር ልጅ ነኝ፣ አሁን የምኖረው ባህር ዳር ነው። ዋናዋ ባለታሪክ ወለላ የምትባል የንብ አናቢ ልጅ ናት። በቃ ይሄን ካወቃችሁ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ጎጃሜ ሆነሽ በርበሬ የሌለበት አገር እንዴት ጻፍሽ? አንድም ቀይ ወጥ አጣሁ እኮ!

ይሄን ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። መጀመሪያ ስጽፈው ወለላ ቀይ ወጥ ነበር የምትበላው፣ ምንም ሳላስብ ነው የጻፍኩት። ከዛ አንድ ቀን ማታ "ቆይ ይሄ በርበሬ ከየት መጣ?" ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አዝላ ከባህር ማዶ ጋር የማትገናኝ ምድር ናት፣ በርበሬ ደግሞ የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምበስ በፈረንጅ 1492 ከተሻገረ በኋላ ነው ወደ ሌላው ዓለም የወጣው፣ ስለዚህ እኛ ጋ ከደረሰ ቢበዛ 500 አመት ነው። ላሊበላን የፈለፈሉት ሰዎች በበርበሬ የተሰራ ወጥ በልተው አያውቁም ማለት ነው! ይሄን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱም እኔ በታህሳስ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል ሳልፍ ሜዳው ላይ የተሰጣው በርበሬ መሬቱን ቀይ ሲያደርገው እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ያለሱ ጎጃም ጎጃም አትመስለኝም ነበር።

በቆሎም የአሜሪካ ነው፣ ቲማቲምም፣ ድንችም። ሁሉንም ከመጽሐፉ አወጣሁ። ባህር ዛፍም በአጼ ምኒልክ ጊዜ የመጣ ስለሆነ ወጣ፣ አዝላ ውስጥ የሚነደው ወይራና ጥድ ነው፣ የጓዳው ሽታ ራሱ ተለወጠ። ከዛ ምን ቀረ ብዬ መቁጠር ስጀምር ደግሞ ገረመኝ፣ ጤፍ አለ፣ ገብስ አለ፣ ዳጉሳ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኑግ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ጎመን፣ ቅቤ፣ ማር። ሙሉ ገበታ እኮ ነው! የሚያቃጥል ስፈልግ ደግሞ ሰናፍጭ አለ፣ ዝንጅብል አለ፣ የሲራራ ነጋዴ የሚያመጣው ጢምዝና ቁንዶ በርበሬ አለ። እነዚህን አንድ በአንድ አፌ ላይ እያደረግኩ ነው የጻፍኳቸው። በርበሬ ምላስ ላይ ይቀመጣል፣ ሰናፍጭ በአፍንጫ ገብቶ አናት ይወጣል፣ ጢምዝ ደግሞ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዋጥክ በኋላ ነው ጉሮሮህ ላይ የሚነሳው። ወለላ አባቷ የሞተ ቀን ሳታለቅስ ቆይታ ሰናፍጭ ስትቀምስ እንባዋ የሚወርድበትን ቦታ ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ያ ትዕይንት በርበሬ ባላወጣ ኖሮ አይገኝም ነበር።

ጥያቄ፦ የሰርጉ ላይ የዶሮ አልጫ አሰራሩን ንገሪን በናትሽ

እሺ። ለአንድ ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፍና ያለ ቅባት በዝግታ እሳት ይቁላላ፣ ሲይዝ ትንሽ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ግን እንዳይጠቁር፣ አልጫ ስለሆነ ቀለሙ ከጠቆረ አለቀለት። ሽንኩርቱ ሟሙቶ ሲያልቅ ሶስት አራት ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከዛ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ይገባል። ዶሮው በሎሚና በጨው ደህና ተደርጎ ታጥቦ ይጨመራል። መከለሻው ላይ ነው ዋናው ነገር፦ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድና ጢምዝ አንድ ላይ ተወቅጦ ሊወርድ ሲል ብቻ ነው የሚገባው። እኔ መጀመሪያ ቀን ጢምዙን ከሽንኩርቱ ጋር አብሬ አቁላላሁትና ሽታው ሁሉ በነነ፣ ምሬቱ ብቻ ቀረ። ሲወርድ ይግባ። እንቁላሉን አትርሱ።

ጥያቄ፦ ተጓዦቹ ሁልጊዜ በሶ ነው የሚበሉት፣ አይሰለቻቸውም?

ይሰለቻቸዋል፣ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ሊጣሉበትም ደርሰዋል። ግን ወንድሜ አስበው እስኪ፣ እሳት ማንደድ የማይቻልበት ቦታ ላይ፣ ጠላት ጭስ እንዳያይ እየተደበቁ የሚሄዱ ሰዎች ምን ይብሉ? የኛ አባቶች ይሄን ጥያቄ ከኔ በፊት መልሰውታል። ገብሱ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ስላለቀ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ድርቆሽም እንደዛው ነው፣ እንጀራው ደርቆ ከተቀመጠ ወር ይቆያል። ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ... የኛ ስንቅ የሚባለው ነገር ሁሉ መንገደኛን አስቦ የተሰራ ነው።

ይሄን ምዕራፍ ከመጻፌ በፊት ከወንድሜ ጋር ጮቄ ላይ ወጣን፣ ከፍታው ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ሆን ብዬ በሶ ብቻ ነው የያዝኩት። ጅብራ በሚባለው ረጅም የውርጭ አገር ተክል መሃል ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን በሶውን በቅቤና በጨው ለውሼ ጨበጥኩት። እጄ በብርድ ደንዝዟል፣ ጣቶቼ አይታዘዙኝም። ጭብጦውን መዳፌ ውስጥ ይዤ ስቆይ ቅቤው ቀስ እያለ ለሰለሰና በጣቶቼ መሃል ወጣ፣ ያኔ ነው እጄ እንዳለኝ ያወቅኩት። ወለላ ገደሉ ጫፍ ላይ "ምግቡ እጇን አሞቀው" የሚለው አረፍተ ነገር ከዛ የመጣ ነው፣ አንድ ቃል አልቀየርኩበትም።

ጥያቄ፦ እኔ የአዊ ልጅ ነኝ፣ ድንች የውጭ ነው ስትይ አልዋጥልህ አለኝ፣ እንጅባራ እኮ ያለ ድንች አትታሰብም

ወንድምዓለም ይገባኛል፣ ግን ድንች ኢትዮጵያ የገባው በፈረንጅ በ1850ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው ያመጣው ተብሎ የሚጻፈው። የአዊ አፈር ስለወደደው ነው የናንተ የሆነው። ይሄ ራሱ ቆንጆ ታሪክ ነው፣ ለሌላ መጽሐፍ ይዤዋለሁ።

ጥያቄ፦ ቡናስ? ቡና የሌለበት ዓለም ውስጥ መኖር አልችልም

ቡና አለ! ደገኞቹ ናቸው የማይጠጡት። ይሄም ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ እኛም አገር እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና የሚጠጣ ሰው ይነቀፍ ነበር፣ የክርስቲያን መጠጥ አይደለም ይባል ነበር። አሁን ሶስት ጊዜ አቦል ቶና በረካ ሳንል የማንውል ሰዎች! አዝላ ውስጥ ቡናው ያለው ሐይቅ ውስጥ ገብቶ የቆመ ጫካ ላይ ነው። ጣና ላይ ያለችውን ዘጌን ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ቡናውና ጌሾው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር ነው የሚበቅለው፣ በመሃሉ ስትሄድ ፀሐይ ነጠብጣብ እየሆነች ነው የምትወርድብህ። የጫካው ሰዎች ለሊት ሐይቁን ለመጠበቅ ነው የሚጠጡት። ወለላ ገና ሽታውን ብቻ ነው ያወቀችው፣ ሶስተኛው ክፍል ላይ ትቀምሳለች።

ጥያቄ፦ የቃል ተማሪዎቹ ለምን ለምነው ይበላሉ? አስማት የሚችል ሰው ምግብ አይፈጥርም እንዴ?

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። አዝላ ውስጥ አስማት ማለት ቅኔ ነው፣ ሰምና ወርቅ ያለው ቃል ማለት ነው፣ ሰሙን የሚሰማው ሁሉም ነው፣ ወርቁ ነው ስራውን የሚሰራው። ተማሪው ደግሞ ከራሱ ጎተራ ከበላ ቃሉ ይለየዋል።

ከአባቴ ነው የወሰድኩት። አባቴ በልጅነቱ ዋሸራ ቅኔ ተምሯል። ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ ዱላ ይዞ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ነበር የሚለምነው። ከአንዱ ቤት የጤፍ ቁራሽ፣ ከአንዱ የዳጉሳ እንጀራ፣ ከአንዱ የገብስ ቂጣ፣ ከአንዱ ደግሞ ጭብጥ ቆሎ። የተረፈውን ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፣ ሲርባቸው ውሃ ነክረው ይበሉታል። አንድ ቀን "አባዬ ጣዕሙ ምን ይላል?" ብዬ ጠየቅኩት። ዝም ብሎ ቆየና "የአገሩን ሰው ሁሉ ጣዕም ነዋ፣ የማንኛዋ እናት እርሾ እንደሚጎመዝዝ የማንኛዋ እንደሚጣፍጥ በጨለማ ለይቼ አውቅ ነበር" አለኝ። ለግብዣው ይሄን ለመስራት ከአምስት ጎረቤቶቼ ቤት አንዳንድ እንጀራ ለምኜ አድርቄ ቀላቅዬ ነው ያቀረብኩት፣ በኑግ ውሃ አርሼ። አንድ ጓደኛዬ እናቷን ያሳደጋት አባት እንዲሁ የአብነት ተማሪ ነበርና ስትበላው ቃል አልወጣትም። ከጠረጴዛው ላይ ካሉት ምግቦች ሁሉ እኔ የምኮራበት እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ጠላው ከምንድነው?

ከዳጉሳ ነው፣ ጥቁርና ወፍራም። ጌሾና ብቅል ተጠንስሶ፣ እንኩሮው ገብቶ፣ ድፍድፉ ከበሰለ በኋላ ውሃ ይሞላበታል፣ ይሄን ሁላችሁም እናቶቻችሁ ጋ ታውቁታላችሁ። እኔ የምወደው ጋኑ የሚታጠንበትን ሰዓት ነው። በግራዋ ቅጠል ውስጡ ይታሻል፣ ይደርቃል፣ ከዛ የወይራ ፍልጥ እያጨሰ ጋኑ በአፉ ይደፋበታል። ሲያነሱት ጭሱ ተንከባሎ ይወጣል፣ እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ ጋኑን በጣቷ መታ መታ ታደርገዋለች፣ በድምጹ ነው ስንጥቅ እንዳለው የምታውቀው። የአዝላ ሴቶች ጋን እያንኳኩ ከሟቾች ጋር የሚነጋገሩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ዘንዶው ምን ይበላል?

ማር ብቻ። የጥቅምትና የህዳር ማር፣ ኑግና አደይ አበባ የቀሰሙ ንቦች ማር። የዱሮውን የአርዌን ተረት የምታውቁ ዘንዶውን በመርዝ ፍየል እንደገደሉት ታውቃላችሁ፣ እኔ የሚገደል ዘንዶ መጻፍ አልፈለግኩም።

ጥያቄ፦ ጾም አለ ወይ? ብዙ ገጽ ላይ ስጋ አይበሉም

አለ። ዓቢይ ጾምን 55 ቀን እየጾመ ያደገ ሰው ጾም የሌለበት አገር ሲጽፍ የሆነ ነገር ይጎድልበታል። እነሱ የሚጾሙት ወንዙ ሲጎድል ነው፣ እስኪሞላ ድረስ። የጾሙ ዋና ምግብ ስልጆ ነው፣ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት ይቦካል። አሁን ከተማ ውስጥ የሚሰራው ሰው እያነሰ መጥቷል፣ ያሳዝነኛል። እናቶቻችሁ የሚችሉ ከሆነ እባካችሁ አጠገባቸው ቆማችሁ ተማሩ።

ጥያቄ፦ ሰርተሽ ያልተሳካልሽ ምግብ አለ?

አንድ አለ። መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ አያቷ ለወለላ የምትጋግርላት የእንግዶ ቂጣ። እንግዶ የማታውቁ ካላችሁ ጮቄ አካባቢ ብርዱ ላይ የሚዘራ የአጃ ዘር ነው፣ አያቴ በእሱ ነበር ቂጣ የምትጋግረው፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ የተጠበሰ ወተት ይሸታል። ባህር ዳር ገበያ ዞሬ ዞሬ አጣሁት፣ በፋብሪካ አጃ ሞከርኩት፣ ጣዕሙ አልመጣም፣ ለግብዣው ሳላቀርበው ቀረሁ። ባለፈው ሰኔ አገር ቤት ስሄድ አንድ አባት "ለአያትሽ ሲባል" ብለው በነጠላ ጫፍ ቋጥረው አንድ እፍኝ ዘር ሰጡኝ። ወንድሜ ጓሮው ውስጥ ዘርቶልኛል፣ ትናንት ደውዬ ስጠይቀው ጉልበቴ ደርሷል አለኝ። ህዳር ላይ እናጭደዋለን።